የማናልሞሽ ቀጫጫ ችግኞች

ማናልሞሽን የቴፒ ሰው በሁለት ነገር ያውቃታል። አንደኛው በእጇ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የቡና ችግኝ ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ ከእሷ መደብ ላይ የመነመነ ችግኝ ያየ የለም። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች «የማናልሞሽ እጅ ምርኩዝ ቢተክል ቅጠል ያወጣል» ይላሉ። እሷም እንደ ጨዋ አንገቷን መድፋት ሲገባት «ታዲያ ውሸት ነው?» ብላ ትመልሳለች። ምን ታድርግ፣ እውነት ነዋ።

ሁለተኛው በባሏ ነው። ካሣዬ ይባላል፤ ወንዝ ዳር አሸዋ እየቆፈረ አይሱዙ ላይ የሚጭን ሰው ነው። ክንደ ብርቱ መሆኑን ማንም ቁም ነገር ብሎ አያወራውም፤ ጫኝ ሁሉ ክንድ አለው። የካሣዬ ነገር ድምፁ ነው። አካፋ ሲያነሳ ያዜማል፣ ጓደኞቹ ይቀበሉታል፣ ሥራው ሳይታወቃቸው መኪናው ሞልቶ ቁጭ ይላል። ቤት ገብቶም አያርፍም። ፊቱን ሲታጠብ ያዜማል፣ ጫማውን ሲያወልቅ ያዜማል፣ ሽሮው እስኪቀርብ ድረስ ስለ ሽሮው ያዜማል። ማናልሞሽ «ባል አገባሁ ብዬ መዝጊያ የሌለው ሬዲዮ ይዤ ገባሁ» እያለች ለጎረቤት ታማዋለች። ታማዋለች እንጂ አንድ ቀን ቢዘጋ ምን እንደሚውጣት አስባው አታውቅም ነበር።

ይኸውላችሁ፣ ተዘጋ።

ዘመኑ 1999 ዓመተ ምሕረት ነው። አዲሱ ሺህ ዓመት ሊገባ ነው ተብሎ አገር ምድሩ ግንባታ ላይ ነበር፤ ቴፒም ከማን አንሼ ብላ በየመንገዱ ዳር ብሎኬት መደርደር ይዛለች። ብሎኬት ደግሞ አሸዋ ይበላል። ድሮ በቀን አንድ መኪና ይወርድበት የነበረው የወንዙ ዳርቻ አምስትና ስድስት አይሱዙ ይሰለፍበት ጀመር። በመጋቢት መጀመሪያ አንድ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ካሣዬ ከጓደኞቹ ቀድሞ ወረደና አሸዋውን በአካፋ ሲወጋው ጠጣር ነገር ነካ። ድንጋይ መስሎት በእግሩ ረግጦ ጨመረበት። ድንጋዩ ተንቀሳቀሰ።

ማናልሞሽ ወደ ሥራ ልትሄድ ነጠላዋን ስታነሳ ባሏን በር ላይ ቆሞ አየችው። በግራ ክንዱ የትልቅ ድስት ክዳን የምታህል ጥቁር የውሃ ኤሊ ታቅፏል። በቀኝ እጁ ባርኔጣውን ገልብጦ እንደ ሳህን ይዟል፤ ባርኔጣው ውስጥ አሸዋ የነካካቸው ነጫጭ እንቁላሎች አሉ። የኤሊዋ ቅርፊት ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት ያህል ተሰንጥቋል፣ ከስንጥቁም ደም ይወጣል።

«ስትወልድ ነው የመታኋት» አለ ካሣዬ።

ማናልሞሽ መጀመሪያ ልትቆጣው አስባ ነበር፤ ለፋሲካ የገዛችለት ባርኔጣ ነው። ፊቱን ስታየው ግን ቁጣዋ የት እንደገባ አላወቀችም። ኤሊዋን ተቀብላ ልብስ የምታጥብበት ሳፋ ውስጥ አስቀመጠችና ጎረቤቷን ጋሽ ይስሐቅን ልትጠራ ሮጠች።

ጋሽ ይስሐቅ የአገሬው ተወላጅ፣ ሸኮ ናቸው፤ በዚያ ወንዝ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ በጫካው ቀፎ ሲሰቅሉ ያረጁ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፣ አንዱን ቃል አጣጥመው ሳይጨርሱ ሌላውን አያነሱም። ኤሊዋን አገላብጠው አዩና ቁስሉ በጨው ውሃ እንዲታጠብ አዘዙ። ከቤታቸው ንጹሕ የማር ሰም አመጡ፣ በእሳት ዳር አለስልሰው ስንጥቁ ላይ በአውራ ጣታቸው ጠቀጠቁት። ካሣዬ ደግፎ ይዟት ሳለ ኤሊዋ አንገቷን አስግጋ ጣቱን ነከሰችው። እጁን አልሸሸም። «ይገባኛል» ብሎ ደሙን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ከዚያ እንቁላሎቹን ቆጠሩ። አሥራ አራት ናቸው። ጋሽ ይስሐቅ ከምድጃው ከሰል አንስተው በእያንዳንዱ እንቁላል አናት ላይ ምልክት አደረጉ። ኤሊ እንደ ዶሮ አይደለችም አሉ፤ አትታቀፍም፣ አታገላብጥም፤ ከሰል የተቀባው ወደ ታች ከዞረ ውስጡ ያለው ይሞታል። ሁሉም በአንድ ጉድጓድ፣ አሸዋ ውስጥ መቀበር አለባቸው። ሦስት ወር ያህል ይቆዩና የሰኔ ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው ይወጣሉ። ችግሩ የት ይቀበሩ የሚለው ነው። ወንዙ ዳር አካፋና ጎማ አለ። ከፍ ካለው ቦታ ውሻ ያወጣቸዋል፣ ከውሻ የተረፈውን ያ ትልቁ እንሽላሊት፣ አርጃኖ ይጠርገዋል። ጋሽ ይስሐቅ በልጅነታቸው ኤሊ የምትፈራው አርጃኖን ብቻ እንደነበር አወሩላቸው፤ አሁን አርጃኖው ራሱ አይሱዙ እየፈራ ሸሽቷል አሉና ሳቁ።

ካሣዬ ግን አልሳቀም። ወደ ሥራው ተመለሰ፣ አካፋውን አነሳ፣ ጫነ፤ አላዜመም። ማታም አላዜመም። ጫማውን በዝምታ አወለቀ፣ ሽሮውን በዝምታ በላ። ማናልሞሽ የጎረቤት ፍየል ስታመሰኳ ሰማች፤ አሥራ ሁለት ዓመት እዚያ ቤት ስትኖር ፍየሏ እንደምታመሰኳ አታውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን የካሣዬ ጓደኞች መጥተው ከሰሱት፤ እሱ ዝም ካለ ወዲህ አንዱን መኪና ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል፣ ወገባቸውም ያማቸው ጀመር። ምን ሆነህ ነው ብለው ቢጨቀጭቁት እስኪሄዱ ጠብቆ ለእሷ ብቻ ነገራት።

«አካፋውን ሳነሳ ያ ድምፅ ይመጣብኛል። ቅርፊቷ ሲሰነጠቅ ያለው። እሱ ሲመጣ የኔው ይጠፋል።»

ሲያዜም ስንት ጊዜ ዝም በል ብላዋለች! እነዚያ እንቁላሎች ካልተፈለፈሉ ባሏ እንደዚሁ ዲዳ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ገባት። ካሣዬን የምታክመው በእሱ ሳይሆን በአሥራ አራቱ እንቁላሎች ነው። ማብቀል ከሆነ ደግሞ፣ እጇን ማን ይስተካከለዋል?

አሸዋ ያለበት፣ ውሻ የማይገባበት፣ አካፋ የማይነካው ቦታ በቴፒ አንድ ብቻ ነው፤ የችግኝ ጣቢያው። አጥር አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ጥላ አለው። አንድ መከራም አለው፤ ኃላፊው ጋሽ ወልደአማኑኤል። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ ይዘናጋል። ጋሽ ወልደአማኑኤል መደቡን በሲባጎ አስለክተው ነው የሚያሠሩት። አንድ ጊዜ በራሷ ጊዜ የበቀለች ቲማቲም አግኝተው «ቲማቲም ዕቅዱ ውስጥ የለም» ብለው በገዛ እጃቸው ነቅለዋታል። ለኚህ ሰው ሄዳ የኤሊ እንቁላል ልቅበር ብትል ምን እንደሚሏት ማናልሞሽ መገመት አልፈለገችም። አልጠየቀችም።

በማግስቱ የምሳ አገልግሏን አሸዋ ሞልታ፣ እስከዚያ ባርኔጣው ውስጥ የቆዩትን እንቁላሎች ከሰሉን ወደ ላይ አድርጋ ይዛቸው ገባች። የመጨረሻው መደብ ጥግ፣ አጥሩ ሥር፣ ጉድጓድ ልትቆፍር ተንበረከከች። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ሴትዮዋ የተሳሳተችው፤ ሌላ ሰው የማይሳሳተውን ስሕተት። ጋሽ ይስሐቅ ሁሉም በአንድ ጉድጓድ ብለዋታል፣ ጆሮዋ ሰምቷል። እጇ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ አንድ ፍሬ ለአንድ ላስቲክ። ሳታስበው አሥራ አራት የችግኝ ላስቲክ ደረደረች፣ በወንዝ አሸዋ ሞላች፣ በየላስቲኩ ግርጌ አንዳንድ እንቁላል ከሰሉን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠች። ባዶ ላስቲክ እንዳይጠየቅባት ደግሞ በየአናታቸው አንዳንድ የቡና ችግኝ ሰካችባቸው። ቀና ብላ ስታየው ሥራዋ አማራት።

ከሳምንት በኋላ ለጋሽ ይስሐቅ ስትነግራቸው ራሳቸውን ያዙ፣ ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። ኤሊን እንደ ቡና የተከለ ሰው በዕድሜያቸው አላዩም። እንደገና አውጥታ ብትቀብራቸውስ ብላ ብትጠይቅ ከለከሏት፤ ሁለቴ የተነካ እንቁላል አይተርፍም፣ የሆነው ሆኗል፣ ውሃውን ብቻ ቀንሽላቸው አሏት። ክፋቱ ያን ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ በማጠጫ እንደ ቡናዎቹ ስታጠጣቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያን ላስቲኮች በእጇ ብቻ ረጨት ታደርግላቸው ጀመር።

እናትየዋንማ ገና በአራተኛው ቀን ለቀዋት ነበር። የማር ሰሙ ቅርፊቷ ላይ ቢጫ ሆኖ ያበራል። ካሣዬ ውሃው ዳር አስቀመጣት፤ ዞራ ሳታየው ገባች። «ምን ብላ ትየኝ» አለ።

መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ። ካሣዬ በየእሑዱ አጥሩ ሥር ይመጣና በእንጨቱ መካከል ያያል። ምን አዲስ ነገር አለ ይላታል፣ ምንም ትለዋለች፣ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። አዲስ ነገርስ ነበር፤ ችግኞቹ ናቸው። ቡና የጫካ አፈርና ብስባሽ ይፈልጋል፣ እነዚህ ግን ሥራቸው ያለው ባዶ አሸዋ ነው። ቅጠላቸው ገረጣ፣ ግንዳቸው እንደ ስንደዶ ቀጠነ። ሴቶቹ ይህን አይተው ምላሳቸውን ሊይዙ ነው? አንዷ ማናልሞሽ ዘንድሮ እጇን ተሰልባለች አለች፤ ሌላዋ ጠበል ውሰዷት አለች። ጋሽ ወልደአማኑኤልም በመደቡ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩና ደብተራቸው ላይ «ደካማ» ብለው ጻፉ። ማናልሞሽ ያ ቃል ሆዷ ገባ። በሥራ ዘመኗ በስሟ ላይ እንዲህ ተጽፎ አያውቅም። መናገር አማራት፣ ዋጠችው። ለሰው ስትል ስሟን ያስነቀፈች ሰው ካለች እሷ ናት።

ሰኔ ገባ። ጌጫ ያለችው እህቷ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ላከችባት፤ መቅረት አይቻልም። የችግኙ እደላ ገና ሰባት ቀን ይቀረዋል፤ ዓርብ ሄዳ እሑድ ብትመለስ ማን ይነካዋል ብላ ሄደች። ሰው ያስባል፣ ዝናብም የራሱን ያስባል። ዓርብ ማታ የወረደው ዝናብ የቴፒን ቆርቆሮ ሁሉ ሲደበድብ አደረ። የችግኝ ወረፋ የያዙ ገበሬዎች መሬቱ ራሰልን ብለው ቅዳሜ በጠዋት ጣቢያውን አጥለቀለቁት። ጋሽ ወልደአማኑኤልም ዕቅዳቸው «ዝናብ እንደጀመረ» ስለሚል ማደል ጀመሩ። ማናልሞሽ ከጌጫ የተሳፈረችበት መኪና ጭቃ ይዞት ሰኞ ጠዋት ነው የገባችው። በቀጥታ ወደ መደቧ ሄደች። መደቡ እንደ ተላጨ ራስ ባዶ ነው።

አጥሩን ይዛ ቆመች። የመጣባት የካሣዬ ፊት ነው። ቀጥሎ የመጣባት ግን ከዚያ ይብሳል። ችግኝ ሲተከል ሥሩ እንዳይጣመም የላስቲኩ ግርጌ ሁለት ጣት ያህል በቢላዋ ይቆረጣል። ሁሉም ገበሬ ያውቀዋል። ቢላዋው የሚያርፍበት ቦታ እንቁላሎቹ የተኙበት ቦታ ነው። ደግሞ ገበሬውን ሁሉ በየዓመቱ ችግኝ እየያዘች፣ ግርጌውን እየቆረጠች ያስተማረችው ሌላ ማንም ሳትሆን እሷው ናት። እናትየዋን አካፋ፣ ልጆቹን ቢላዋ!

ዘበኛውን ካሣዬን ጥራልኝ ብላ ላከችና ወደ ጋሽ ወልደአማኑኤል ቢሮ ገባች። ከባርኔጣው ጀምራ እስከ አገልግሉ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሰውዬው አላቋረጧትም። ስትጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ማናልሞሽ፣ እኔ ቡና ብዬ የፈረምኩት እንቁላል ነው?»

«አዎ ጋሼ። አሥራ አራቱ።»

መዝገቡን ከፈቱ፣ በጣታቸው ወረዱ፣ አንድ ስም ላይ ቆሙ። የመጨረሻው መደብ ጥግ የደረሰው ኢዮሲያስ ለሚባል ገበሬ ነው፤ ሦስት መቶ ችግኝ ወስዷል፣ ቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ማናልሞሽ ከሥራ ትባረራለች ብላ ስትጠብቅ ሰውዬው ቦቲ ጫማቸውን አጠለቁ፣ ጃንጥላቸውን አነሱ። በሐሰት ፈርሜ አላድርም አሉ። ለካ እኚህ ሰው የማያደርጉት ነገር የለም፣ መዝገብ ላይ ይጻፍ ብቻ።

ሦስቱም ወጡ። ካሣዬ የግማሽ መኪና አሸዋ ጥሎ ነው የመጣው፤ የሆነውን ስትነግረው እርምጃውን አፈጠነ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ማናልሞሽ ነጠላዋን በወገቧ አስራ ትከተላለች፣ ጋሽ ወልደአማኑኤል ከኋላ ጃንጥላቸውን ምርኩዝ አድርገው እያለከለኩ ይመጣሉ። እሷ በልቧ ትቆጥራለች። ቅዳሜ ወሰደ። እሑድ ጸሎት ቤት ውሏል፣ አልተከለም። ዛሬ ሰኞ ነው። ምነው ባረፈደ፣ ምነው ራሱን ባመመው፣ ይቅር በለኝ፣ ትንሽ ብቻ።

አላረፈደም። ከማዶ ሲያዩት ተዳፋቱ ላይ የተቆፈሩት ጉድጓዶች አብዛኞቹ ሞልተዋል፤ ኢዮሲያስ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ችግኝ በጉልበቶቹ መካከል ይዟል፣ ቢላዋው በእጁ ነው። ካሣዬ አቁም ሊል አፉን ከፈተ፣ የወጣው ግን ትንፋሽ ነው። ማናልሞሽ አልፋው ሮጠች። ደርሳ ምንም ሳትል ከሰውዬው አጠገብ በተከመሩት የላስቲክ ቁራጮች ላይ ተንበርክካ በሁለት እጇ መበርበር ጀመረች። የእንቁላል ቅርፊት ነው የምትፈልገው፤ እንዳታገኘው እየጸለየች ትፈልጋለች።

ኢዮሲያስ መጀመሪያ አብዳለች መሰለው። ቀጥሎ ጋሽ ወልደአማኑኤል እያለከለኩ ሲደርሱ ሲያይ ፊቱ በራ፤ ጌታ ይመስገን ራስዎ መጡ፣ እኔ ልመጣ ነበር አላቸው። አቤቱታ አለው። ኑ ብሎ ወደ ጓሮ ወሰዳቸው። ከእንሰቱ ሥር አሥራ አራት ላስቲኮች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፤ ያልተቆረጡ፣ ያልተነኩ። በየአናታቸው አንዳንድ የገረጣ ቡና ዘንበል ብሏል።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስቱ የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው» አለ ኢዮሲያስ። «እነዚህን ግን አልተክልም፣ መልሼ ላመጣልዎ ነው ለይቼ ያስቀመጥኳቸው። እነዚህን ያፈላ ሰው እጅ የለውም።»

ማናልሞሽ በሕይወቷ እንዲህ የጣፈጣት ስድብ ሰምታ አታውቅም። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች። እጇ ያፈላው እንደ ሌላ ጊዜው ያማረ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሁሉም ተቆርጠው ነበር። «እኔ ነኝ» አለችው እጆቿን እያሳየች። «እጅ የሌለኝ እኔ ነኝ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ።» ኢዮሲያስ ምን እንደተመረቀ ሳይገባው አሜን አለ።

ካሣዬ ግን አንዱ ላስቲክ ላይ ዓይኑን ተክሏል። ችግኙ ንፋስ በሌለበት ይወዛወዛል። ሥሩ ያለው እርጥብ አሸዋ ተሰነጠቀ፣ ተንኮታኮተ፣ ቡናው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተኛ። ከሥሩ የቡና ፍሬ የምታህል ጥቁር ራስ ብቅ አለች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። ቀጥሎ አንድ እግር አወጣች፣ አረፈች፣ ሌላውን አወጣች። ኢዮሲያስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይል ነበር አባቴ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ተረት መስሎኝ ነው የኖርኩት።»

ማናልሞሽ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ በጎናቸው ቀድዳ አሸዋውን በጣቶቿ ፈለፈለች። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ በሕይወት ወጡ። ሦስቱ እንቁላሎች ተበላሽተዋል፤ ያች የመጀመሪያዋ ሳምንት ውሃ ናት። የኔ ጥፋት ነው አለች፣ ሦስቱንም እንሰቱ ሥር ቀበረቻቸው፣ አዘነች። ከዚያ አሥራ አንዱን ቆጠረች፣ እንደገና ቆጠረች፣ ደስታዋ ሐዘኗን አሸነፈው። የኢዮሲያስ ሚስት ሳፋ አበደረቻቸው። ኢዮሲያስም ቢላዋውን ትቶ ተከተለ፤ ይህን ያላየ ምን አየ አለ።

ከሰዓት በኋላ ቴፒ ሲመለሱ ጋሽ ይስሐቅ መኪና ወደማይደርስበት የወንዙ ክፍል ወሰዷቸው። ውሃ ውስጥ እንዳትከቷቸው አሉ፤ አሸዋው ላይ አድርጓቸው፣ መንገዱን በእግራቸው ይወቁት። ካሣዬ አንድ በአንድ ከሳፋው እያነሳ ከውሃው ሦስት እርምጃ ራቅ አድርጎ ደረደራቸው። አሥራ አንዱም ራሳቸውን ወደ ውስጥ ሰበሰቡና አሥራ አንድ ጠጠር ሆኑ። ቢጠበቁ፣ ቢጠበቁ አይንቀሳቀሱም። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቅ ምንቃር ያለው ወፍ፣ መጥቶ ከፊት ለፊት ዛፍ ላይ አረፈ፣ አንገቱን እያዟዟረ ትንንሾቹን ያያል። ጋሽ ወልደአማኑኤል ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱበት። የመንግሥት ኃላፊ ወፍ ሲያባርር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወፉ አልሄድም ይላል፣ እሳቸው ሂድ ይላሉ፣ ማንኛቸውም ዕቅዳቸውን አይለውጡም።

ማናልሞሽ ባሏን በክርኗ ነካችው።

«ዝፈንላቸው እንጂ።»

«ምን ብዬ?»

«እኔን ስታሰለቸኝ የምትለውን።»

ካሣዬ ጉሮሮውን ጠረገ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ዝገት ያለበት ነው፤ ሦስት ወር የተዘጋ በር ሲከፈት እንደሚለው። ዜማው የጥንቱ የአሸዋ መጫኛ ነው፣ ቃሉ ግን አዲስ ነበር፤ ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላወቀም።

«ቀስ በል አካፋዬ፣ ቀስ ብለህ ውረድ፣
ከአሸዋው ሥር አለ ገና የሚወለድ።»

ጋሽ ይስሐቅ ተቀበሉት። ኢዮሲያስ የመዝሙር ድምፅ ነበረው፣ እሱም ተቀበለ። ካሣዬ ደገመው፣ አሁን ከሆዱ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያሉት ጫኞች ድምፁን ሰምተው አካፋቸውን አቆሙ። መጀመሪያ አንዷ ራሷን አወጣች። ሮጠች ልል አልችልም፣ ኤሊ ናት፤ ግን ሄደች። ሁለተኛዋ ተከተለች፣ ከዚያ ሁሉም። አሸዋው ላይ ቀጭን መስመር እየተዉ አሥራ አንዱም ውሃው ውስጥ ገቡ። ጋሽ ይስሐቅ በኋላ ሲጠየቁ የቀሰቀሳቸው ፀሐዩ ነው፣ ሲሞቃቸው ነው የተነሱት ይላሉ። ማናልሞሽ ይህን ስትሰማ ትቆጣለች። እሷ ያየችውን አይታለች።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ቢሯቸው ተመልሰው መዝገቡን አስተካከሉ። ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ቡና ብለው ጻፉ፤ አሥራ አራት ችግኝ ተበላሸ የሚል ነገር ግን አልጻፉም። ብዙ አሰቡና በማስታወሻው ዓምድ ላይ «አሥራ አንዱ ሄደዋል» ብለው ጻፉ። «ደካማ» የሚለውንም ሰረዙላት። ኢዮሲያስ አሥራ አራቱን ቀጫጮች ደህና አፈር ላይ ተክሏቸው ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቀይ ፍሬያቸውን በመሐረብ ቋጥሮ ማናልሞሽ ቤት ድረስ አመጣላት፤ ያኔ እጅ የለውም ያለውንም ቃሉን መልሶ ወሰደ።

ጫኞቹ ያንን ዘፈን ወዲያው ያዙት። አዲስ የመጡ ጎረምሶች ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ይዘፍኑታል። ሲዘፍኑም ሥራ ሲጀምሩ የመጀመሪያውን አሸዋ በእጃቸው ገላልጠው ነው አካፋ የሚያነሱት፤ ለምን ቢባሉ ዘፈኑ እንዲህ ስለሚል ነው ይላሉ።

ካሣዬማ ምኑ ይወራል። ፊቱን ሲታጠብ ያዜማል፣ ጫማውን ሲያወልቅ ያዜማል። የፍየሏ ማመስኳት ዳግመኛ ተሰምቶ አያውቅም። ማናልሞሽም ለጎረቤት ታማዋለች፣ ሬዲዮው መዝጊያ የለውም ትላለች። ከዚያ ወዲህ ዝም በል ብላው ግን አታውቅም።